በእርቁ ቀን ወገቤ ላይ የነበረችው ሽጉጥ

ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ። በጦም እህል መቅመሴን፣ ክንድ አሳጥሬ ጨርቅ መሸጤን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኋቸውም። ለሚስቴም አልተነፈስሁም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው ሸበትሁ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም፣ እሱ ነው እኔን የፈጀኝ። እናንተ አታውቁኝም፤ ፊታችሁን አላየውም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ብቻ አደራችሁን፣ ስታነቡ ለእኔ አትዘኑ።

ደባርቅ ላይ ጨርቅ እሸጥ ነበር። አንዴ ዳባት ገበያ፣ አንዴ በሊማሊሞ ወርጄ አዲ አርቃይ፣ አቡጀዲዬን በበቅሎ ጭኜ የምዞር ሰው ነበርሁ። ዘመኑ ደርግ ነው። ታላቅ ወንድሜ በወሰን ጠብ ሰው ገደለና ሱዳን ገባ። ገዳይ ሲሸሽ ደሙ ማን ላይ እንደሚቀር ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ወንድሙ ላይ ነው። እኔ ላይ ቀረ። የሟች ወንድም አስማረ ይባላል። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ፣ ዝምተኛ፣ እናቱን እማማ ጥሩወርቅን የሚጦር ሰው ነበር። እንግዲህ ደመኛዬ እሱ ሆነ።

አንድም ቀን አላስፈራራኝም። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ የሚቀይረው እሱ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ሊማሊሞን ስወርድ በየመታጠፊያው አስማረ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ድንጋይ ሲንከባለል ከበቅሎዬ ወርጄ እሸሸግ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? መሣሪያ ልግዛ አልሁ።

ጠመንጃ አይሆንም። ያኔ የገበሬ ማኅበር ታጣቂ ያልሆነ ሰው ጠመንጃ ይዞ ከተገኘ፣ ጠመንጃውንም ባለቤቱንም ይወስዷቸዋል። ስለዚህ አዲ አርቃይ የማውቀው አንድ ጨው ነጋዴ ዘንድ ሄድሁ። ጓዳ አስገባኝና ከከረጢት ሥር ሦስት ሽጉጥ አውጥቶ ስልቻ ላይ ደረደራቸው። አንዷ ባለ ካርታ ናት፤ ጥይቷ ተደርድሮ በእጀታዋ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛዋ ስድስት ጎራሽ፣ አፈሙዟ ረጅም፣ እጀታዋ ትልቅ። ሦስተኛዋም ስድስት ጎራሽ ናት፤ ግን አጭር፣ አፈሙዟ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ፣ መዳፌ ውስጥ የምትጠፋ።

ሰውዬው በግ እንደሚሸጥ ሰው አመሰገናቸው። «ባለ ካርታዋ አቧራ ከገባባት ትነክሳለች፤ ጥይቱን ይዛ ትቀራለች። ስድስት ጎራሽ ግን አንዱ ጥይት ቢከሽፍብህ ደግመህ ትስባለህ፣ ሌላው ይመጣልሃል» አለኝ። ረጅሟን ታጠቅኋት፤ ኩታዬን ገፍታ ወጣች። ቁጭ ስል ጎኔን ወጋችኝ። አጭሯን ከኋላ ቀበቶዬ ውስጥ ሸጎጥኋት። ሄድሁ፣ ተቀመጥሁ፣ በቅሎ ላይ ወጣሁ፣ ወረድሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ጎንበስ ብዬ ሰገድሁ። ሰውዬው ዞሮ ዞሮ አየኝና ሳቀ። «ዕለት ዕለት ለሚታጠቅ ሰው ይቺ ናት፤ የወለደችህ እናትህ እንኳ አታይብህም» አለኝ። እሷን መረጥሁ።

ወይ እኔ! ምኑን መረጥሁት? ያገሬ ሰው መሣሪያ የሚይዘው ሊያሳይ ነው። ያየ ይፈራል፣ የፈራ ይርቃል፣ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል። እኔ ግን ማንም እንዳያያት ብዬ መረጥኋት። ራሴን ልጠብቅባት ነው እያልሁ ማልጄ እታጠቃታለሁ። ኬላ ላይ ጭነቴን ሲበረብሩ እሷ ወገቤ ላይ ናት። ሚስቴ እንኳ ሳታያት ብዙ ከረመች። ከማን ነበር የምጠበቀው? ጠጠር ካልወረወረብኝ ሰው?

በኋላ ሽማግሌዎች ገቡበት። መሪያቸው የነፍስ አባቴ ነበሩ። አስማረ እሺ አይልም ነበር፤ እሺ ያሰኙት እናቱ ናቸው። «አንዱን መሬት በላብኝ፣ አንተንም ደም አይብላብኝ፤ የቀረኸኝ አንተ ነህ» ብለው እግሩ ላይ ወደቁ አሉ። እናት እግሩ ላይ ወድቃ ማን እንቢ ይላል?

እርቁ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆነ። ያገራችን እርቅ ብረት አይወድም፤ የመጣ ሁሉ መሣሪያውን ደጁ ላይ ካለው ጥድ ሥር አጋድሞ ገባ። ከአስማረ ዘመዶች መካከል ታጣቂዎች ነበሩ፤ እነሱም አኖሩ። አባ እየዞሩ ጠየቁ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ኩታዬን ከፊት ገለጥ አድርጌ «እጀ ባዶ ነኝ አባቴ» አልሁ። መስቀሉን ዘረጉልኝ፤ ሳምሁት። እሳቸውም ወደ ሕዝቡ ዞረው «የዚህ ልጅ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

ለምን ይዣት ሄድሁ? ልገድለው አይደለም፤ ይህን እግዜር ያውቃል። ቢከዳኝስ ብዬ ነው። ይቅር ሊለኝ ወደሚመጣ ሰው «ቢከዳኝስ» ብዬ ሄድሁ። ፈርቼ ነው ልበል? እሱስ አልፈራም? የወንድሙ ደም ያለብኝ እኔ፣ ባዶ እጁን የመጣው እሱ።

እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ተንበረከክሁ። አስማረ መጣና ድንጋዩን አወረደልኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለኝ። አነሣኝና አቀፈኝ። አዲ አርቃይ ሁሉን ነገር ሞክሬ ነበር፤ መሄዱን፣ መቀመጡን፣ መስገዱን። መታቀፍን አልሞከርሁም። እጁ ጀርባዬን ዳበሰኝ፣ ወንድም ወንድሙን እንደሚያጽናና፤ ወረደና ብረቷ ላይ ቆመ።

ትንፋሹ ቀጥ ሲል ጆሮዬ ሥር ሰማሁት። «ይዘህ መጣህ?» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ። ፈርቼ ነው ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ ብዬ ብነግረው ምን ነበረበት? አላልሁትም። ቀና ብሎ አየኝ። ንዴት አልነበረም፤ የተሰደበ ልጅ ዓይን ነበር። ከዚያ ለቀቀኝ፣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፣ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ቀረበ። የጎረሰውን ሲውጥ አላየሁም። አባ ተነሥተው «ይህን እርቅ ያፈረሰ የተገዘተ ይሁን» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። አስማረም አለ። እኔም አልሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አልሁ።

አንድ ቃል ቢያወጣ ኖሮ ከዚያ ቅጥር በእግሬ አልወጣም ነበር። ዘመዶቹ ከጥዱ ሥር ምን ያህል ይርቁ ነበርና? ያንን አውቆ ዝም አለ። ልገድለው የመጣሁ መስሎት እንኳ አተረፈኝ።

ሳይሰነብት አስማረ ጠፋ። በሬዎቹን ለዘመድ ትቶ ቆላ ወረደ። የታጠቀ ደመኛ ያለበት አገር እንዴት ይደር? አገሬው ግን ይህን በምን ይወቅ? እርቅ አፍርሶ፣ ሊያደባ ነው የሄደ ተባለ። አባ ሦስት ጊዜ ላኩበት፤ አልመጣም። ገዘቱት። እኔንም እያዘኑልኝ «ተጠንቀቅ ልጄ» ይሉኝ ነበር። አይ አባ! እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ እሰማቸው ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ አንድ ቀን ሱቄ መጡ። በትራቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ አስማረ ምን አይቶብህ ነው? እሱ ምሎ ከድቶ አያውቅም። አንዲት ነገር ካለች ንገረኝ፤ ሄጄ ልመልሰው» አሉኝ። ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ሽጉጧ ያን ሰዓትም ወገቤ ላይ ነበረች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይመለስ፣ አልነካውም ብዬ መናገር ነበረብኝ። በዚያች ቃል ልጃቸው ይመለስ ነበር። እኔ ግን «ምን አውቄ እማማ» አልኋቸው። እሳቸውም «ይሁን፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። መረቁኝ እኮ! እርቁ ላይ የዋሸሁት በፍርሃት ነው ብል ይህንስ ምን ልለው ነው? አዛውንት ሴት ነበር የፈራሁት?

አስማረን ወባ ገደለው። መርዶው ሲመጣ ግዝት አለበትና ፍትሐት የሚያደርግለት ካህን ጠፋ። ለቅሶ የሚደርስም አልነበረም፤ ግዝትን ማን ይደፍራል? እማማ ጥሩወርቅ ብቻቸውን ደረታቸውን መቱ። ከዚያ በኋላ ደጅ ለደጅ እየዞሩ «ልጄ ከሃዲ አይደለም» ይሉ ነበር። ሰው እሺ እማማ ይልና ዞር ሲሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ የእኔ ፍርሃት የሰው እናት ጉልበት ሰበረ። እንዲህ እያሉ አረፉ። አባም ሳይሰሙ አረፉ፤ ዋስ ሆነውልኝ፣ ንጹሕ ሰው ገዝተው፣ ሳያውቁት። እሳቸውንም እኔ ነኝ ያሳሳትኋቸው።

ሽጉጧን ሊማሊሞ ገደል ወርውሬአታለሁ። አንድ ጥይት አልተኮስሁባትም። ይህን ለምስጋና አላነሣውም። ብተኩስ ኖሮ ገዳይነቴን አገር ያውቀው ነበር፤ እኔ ግን ታርቆ የተከዳ ደግ ሰው ተብዬ ሽማግሌ ሆኜ ሰው አስታርቄያለሁ። ሰው አስታርቄያለሁ! ብረት የያዛችሁ አኑሩ እያልሁ!

ለእኔ ይቅርታ አልለምንም። የሚምረኝ እግዜር ከሆነ እሱ ያውቃል፤ ከሰው ግን የሚገባኝ የለም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ይህን የምታነቡ ካህናት ካላችሁ ስሙኝ፤ አስማረ እርቁን አላፈረሰም። እኔ ነኝ ያፈረስሁት፣ ገና ሳይታረቀኝ። ግዝቱ የኔ ነው። እሱን ፍቱት።