በውሃ የተጻፈው ስሜ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንሽ ትንሹን ዘርዝሬ ትልቁን ዋጥሁ! ዛሬ አንተ ስማኝ፣ አንባቢዬ፤ ልታጽናናኝ ግን አትሞክር።

ጃንሆይ ቻይና ደርሰው በተመለሱ ሰሞን፣ ሰበታ ላይ አንድ ቻይናዊ መምህር እኔንና ጓደኛዬን ገመቹን የአገሩን ጽሕፈት ያስተምረን ነበር። ለቻይናውያን መንገድ ሠሪዎች አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀጠረው ከሁለታችን አንዱ ነው። እኔ ሁለት ቀን የታገልሁትን ገመቹ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ ስሰማ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ነቀዝሁ።

መምህሩ የመለማመጃ ካርዶች ነበሩት፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል፣ በየጭረቱ አጠገብ ደግሞ የትኛው እንደሚቀድም የሚያሳይ ቁጥር። ካርዶቹ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቁ ስለሆኑ፣ ቁም ጽሕፈት የተማርሁት እኔ ለገመቹ እንድገለብጥለት ታዘዝሁ። ገለበጥሁ። ቅርጹን አልነካሁም፤ ቁጥሮቹን ግን አዛባሁ። እኔ ነኝ ያዛባሁት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

መምህሩ እስከዚያ ድረስ የሚያርመው ያለቀውን ወረቀት ነበር። በፈተናው ቀን ግን ስንጽፍ የእጃችንን ቅደም ተከተል አየ። ገመቹን «ሳትማር ሥዕል ገልብጠሃል» ብሎ ጣለው። ገመቹ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ካርዶቹን አውጥቶ አላሳየም። ለምን? እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ተቀጠርሁ። በዓመቱ ገመቹ አእምሮው ታመመ ሲሉኝ ቡራዩ እናቱ ቤት ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ጣሳ ውሃ ውስጥ እየነከረ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይጽፋል። ቀና ብሎም አላየኝ።

«አካም ጅርታ ልጄ?» አሉኝ እናቱ። «ከነጋ ጀምሮ ይኸው ነው። ውሃ ስንከለክለው በምራቁ ይጽፋል። አንተ ታነበው የለ፣ ምን እያለ ነው?»

አነበብሁት። መምህሩ ለእኔ ያወጣልኝ፣ ከካርዶቹም መካከል የነበረው የቻይና ስም ነበር። የእኔ ስም፣ እኔው ባዛባሁት ቅደም ተከተል። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ደግሞ ይጽፈዋል። ስንት ሺህ ጊዜ ጽፎኝ ይሆን? ፊቴን ባዞርም ጣቱ ድንጋዩን ሲፍቅ ይሰማኛል። ፈራሁ።

«የአንቱን ስም ነው የሚጽፈው፣ እማማ» አልኋቸው።

«ዋቃዮ! አልረሳኝም ለካ!» ብለው አለቀሱ። መዳፋቸውን እርጥቡ ስሜ ላይ አሳርፈው ፊታቸውን አበሱበት። እኔም ቆሜ አየሁ።

ካርዱን ሳዛባ ልጅነት ነው ልበል። ለዚህኛውስ ምን እላለሁ? በዚያ ቃል ተጽናንተው ሞቱ። ይቅር በለኝ አልልህም።