ጉዳዩ፦ ስለ ኳስ ተቀባዩ

ባለፈው ቅዳሜ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዬን አቁሜ ያዘዝኩት ምሳ እስኪደርስ ስጠብቅ፣ ወረቀት ፈልጌ የመኪናዬን የዕቃ መጫኛ ብከፍተው ዘይት የጠጣ ቆዳ ሽታ አወደኝ። በልጅነቴ ጨዋታ ለማየት ስንሄድ የምይዘው አሮጌ የቤዝቦል ጓንት ነው፤ ለሥራ አያስፈልገኝም፣ ግን መኪና በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ይዞራል። ሥራዬ ለሰው ሲነገር ሥራ አይመስልም፦ በየትንንሹ ከተማ እየዞርኩ ገና ስም ያላወጡ ወጣት ተጫዋቾችን አያለሁ፣ ከዚያ ማን ወደ ላይ ቢያድግ እንደሚያዋጣ፣ ማን ቢሰናበት እንደሚሻል ለአንድ ቡድን እጽፋለሁ። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ «ሜሮን ፈተና ታርማለች» ብላ ነው የምትነግራቸው፤ እኔም አልተሳሳተችም ብዬ ትቼዋለሁ። ያ ሽታ ሲመጣብኝ ግን የሚታየኝ ሥራዬ ሳይሆን ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሼ በላቸው ናቸው።

ጋሼ በላቸው አሰላ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ከተሰደዱ በኋላ ደግሞ ኦሎምፒክ መንገድ ላይ ያለ ፓርኪንግ ይጠብቁ ነበር። ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቤዝቦልን የለመዱት በፓርኪንጉ ጎጆ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከሚከፈት ሬዲዮ ነው፤ መጀመሪያ እንግሊዝኛቸውን ሊያሻሽሉ ነበር የሚያዳምጡት፣ በኋላ እንግሊዝኛው ባለበት ቀረና ጨዋታው ገባቸው። ጓደኞቻቸው «ዱላ ይዞ ቆሞ የመዋል ጨዋታ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው ግን እግር ኳስ ውስጥ ሰው ከኳሱ ኋላ ይደበቃል፣ እዚህ ግን ሁሉም ቆሞ ስለሚጠብቅ ሰውየው ራሱ ይታያል ይሉ ነበር። ትልቁን ስታዲየም አይወዱትም። ትልልቆቹ ቡድኖች ልጆቹን የሚያሳድጉባቸው፣ ማይነር ሊግ የሚባሉ ትንንሽ ቡድኖች አሏቸው፤ የእሳቸው ልብ እዚያ ነበር። ትልቁ ሜዳ ላይ የምታዪው ዳቦውን ነው፣ እዚህ ግን ሊጡን ታያለሽ አሉኝ አንድ ቀን።

እሑድ እሑድ አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ ቶራንስ አረጋውያን ቤት ትሠራለች፤ ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ እኔን የሚረከቡኝ ጋሼ በላቸው ናቸው። ነጠላቸውን አጥፈው የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡና፣ በዚያች መስኮቷ በማይዘጋ ቶዮታቸው ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት እንነዳለን። የትንሹ ስታዲየም አጥር ሥር፣ የተጫዋቾቹ ላብ በሚሸትበት፣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ያጠጡት ሣር ከሙቀቱ ጋር በሚተንበት ቦታ ቁጭ ብለን ከኪሳቸው ቆሎ እንቆረጥማለን። ጭናቸው ላይ አንድ ደብተር አለ። በማስመሪያ ተሰምሮ፣ ልክ እንደ አገር ቤት የተማሪ ካርድ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ ውጤት፣ ደረጃ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠባይ የሚል ዓምድ ነበረው። ውጤቱን እንድሞላ ለእኔ ሰጡኝ፤ ጠባይን ለማንም አይሰጡም። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ቁጥር እወዳለሁ፣ እጄም አይራራም፤ ኳስ የሳተን ሁሉ መጨረሻ ደረጃ ላይ እደረድረዋለሁ።

በዚያ በጋ የተጣላንበት አንድ ልጅ ነበር። ኳስ ተቀባይ ነው፤ ማለትም ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚወረወረውን ኳስ የሚቀበለው። ጋሼ ለሁሉም የራሳቸውን ስም ያወጡላቸው ነበርና እሱን አደራ አሉት፣ የሰጡትን አይጥልምና። ሲመታ ግን አይሳካለትም። ወደ ሃያ አራት ዓመት ይጠጋል፣ በዚያ ሊግ ይህ ዕድሜ ሽምግልና ነው፤ በዙሪያችን የሚቀመጡት ደንበኛ ተመልካቾች በበጋው መጨረሻ መሰናበቱ እንደማይቀር ያወሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ባቲንግ አቬሬጁ እኮ በጣም ሎው ነው» እላለሁ የመምታት ውጤቱን ከደብተሩ እያሳየሁ።

«ኦኬ፣ እሱን ጻፊ። አሁን ደግሞ ኳሱን ተዪና እሱን እዪ።»

ሳይ፣ ኳስ መሬት ለመሬት በተመታ ቁጥር አደራ ያን ሁሉ ትጥቁን እንደ ለበሰ መቺው ወደሚሮጥበት ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ይሮጣል። ምናልባት እዚያ የሚቆመው ጓደኛው ኳሱን ቢስት ከኋላ ሊይዝለት ነው። ጓደኛው ግን አይስትም፤ እሱ ይመለሳል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ደግሞ ይሮጣል። በአንድ ከሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ፤ አንድም ጊዜ አላስፈለገም። ለዚህ ምን ብዬ ውጤት እንደምሰጥ አላወቅኩም።

ፍልሰታ ገብቶ፣ የሆት ዶጉ ሽታ ጾመኛዋን እኔን ሲያንገላታኝ በሰነበተበት ሳምንት ጋሼ በላቸው ወሰኑ። ለቡድኑ ደብዳቤ ይጻፋል። በአማርኛ ሁለት ገጽ ጻፉ፤ ላዩ ላይ «ጉዳዩ፦ ኳስ ተቀባዩ ልጅ እንዳይሰናበት ስለመጠየቅ» ይላል፣ ከሥሩ ስለ አለቆቹና ስለ ቤተሰቦቻቸው ጤና በሰፊው ይጠይቃል፣ መጨረሻው ላይ «ግልባጭ፦ ለአሰልጣኙ፣ ለራሴ ፋይል» አለበት። እንግሊዝኛ ቀስ ብለው ያነባሉ፣ ለመጻፍ ግን አይደፍሩም፤ ትርጉሙ ለእኔ ተሰጠ። ሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ይህ ልጅ ሲቀበል ወርዋሪዎቹ ዘና ብለው ትከሻቸውን ያወርዳሉ። እሱ በሚያርፍበት ቀን ያው ልጆች ትከሻቸውን ሰቅለው ይወረውራሉ። ስለዚህ የእሱን ሥራ በሌሎቹ ልጆች ላይ ፈልጉት።»

እኔ ደግሞ አፈርኩ። ስለ ትከሻ ለቡድን አለቃ ይጻፋል? በትምህርት ቤት አሳጥራችሁ ጻፉ ተብለናል፤ ሰላምታውን አወጣሁ፣ ጤናውን አወጣሁ፣ ትከሻውንም አወጣሁ። ስጨርስ ስምንት መስመር ቀረ፦ በጣም ጥሩ ልጅ ነው፣ ይተጋል፣ እባካችሁ አታሰናብቱት። ጋሼ በላቸው ሳያነቡ ፈረሙ። ልጄ የጻፈችውን ደግሜ ላየው ነው እንዴ ብለው፣ የእንግሊዝኛውን ግልባጭ ለፋይላቸው አስቀርተው ዋናውን ፖስታ ቤት ወሰዱ።

መልስ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ መጣ። የቡድኑ ዓርማ ያለበት ወረቀት ነበር፣ ጋሼም እኛ ቤት ይዘውት ሲወጡ እንደ ሙሽራ ለብሰው ነው። ሦስት መስመር ነው። ስለ ደብዳቤዎ እናመሰግናለን፤ ጥሩ ልጅ መሆኑን እኛም እናውቃለን፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ጥሩ ልጅ መሆን ብቻውን አይበቃም።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወረዱና ግልባጩን ይዘው ተመለሱ፣ ማእድ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት፣ መነጽራቸውን አድርገው ማስመሪያቸውን ከየመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። ስምንት መስመር ቶሎ ያልቃል። ማስመሪያው መጨረሻው ላይ ቆመ።

«ትከሻው የት ሄደ?» አሉኝ።

«ሰው ይስቅብዎታል ብዬ ነው ጋሼ።»

አባቴን ይጠሩታል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠሩትም። «ቢስቁስ? አንብበው ነበር የሚስቁት» አሉ። በሕይወቴ ተቆጥተውኝ የማያውቁ ሰው ናቸው፣ ያን ቀንም አልተቆጡም፣ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ስንደርስ አደራ የለበሰው የተጫዋች ልብስ ሳይሆን ጂንስ ነበር፤ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተ ወደ መኪናው ይሄዳል። በዚያው ጠዋት ተሰናብቷል። ጋሼ መኪናቸውን እንኳ በደንብ ፓርክ ሳያደርጉ አቆሙና «ሂጂ ንገሪው» አሉኝ። ምን እንደምነግረው አልጠየቅኩም። ሳምንቱን ሙሉ ያን ስለ ትከሻ የጻፉትን ስተረጉመው ነው የከረምኩት።

ቀርቤ በእንግሊዝኛ አነበብኩለት። ለእሱም እንግሊዝኛ የተዋሰው ቋንቋ ነበርና ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩት። ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ይህን ያየው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ጋሼ በላቸውን አሳየሁት፣ ከቶዮታዋ አጠገብ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ተነሥቶ ቆቡን አወለቀ። እሳቸውም እንደ ባላገር ሰላምታ ዝቅ ብለው እጅ ነሡት፣ እሱም አይቶ እንደዚያው ዝቅ አለ፤ በመካከላቸው ሠላሳ መኪና አለ። ከዚያ ሻንጣውን ጫነና ሄደ። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ስሙን መዝገብ ውስጥ ፈልጌዋለሁ፤ የዚያ በጋ መስመር የመጨረሻው ነው። እውነተኛው ደብዳቤ ቢደርስ ኖሮ ያቆዩት እንደ ነበር አላውቅም። ምናልባት አያቆዩትም። ሳላውቀው መኖር ግን የእኔ ድርሻ ሆነ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሼ አንድ ሕግ አወጡ። ከእንግዲህ ስለ ልጆቹ በምጽፈው ደብዳቤ ላይ በመጀመሪያ እሳቸው ያዩትን፣ አንድም ቃል ሳላጎድል። ከሥሩ ደግሞ እኔ ያየሁትን፣ ከእሳቸው ጋር ባይስማማም፣ ለብቻው፣ በራሴ ፊርማ። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናትን፣ ያታለለቻቸውን ልጅ፣ ፈራሚ አደረጓት። እስከ ኮሌጅ ድረስ እንዲያ ጻፍን፤ አንድም ጊዜ ሌላ መልስ አልመጣልንም፣ ሁለታችንም አላቆምንም።

በኋላ ልጃቸው ከአገር ቤት መጣችና ቶራንስ ወሰደቻቸው። ሥራውን ያገኘሁ ቀን ሄጄ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ፊቴን በእጃቸው ዳስሰው የጠየቁኝ ስለ ደመወዙ አይደለም። «የምትጽፊውን የሚያነበው ሰው አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። «እንግዲያው አትፍሪ» አሉ። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ትራፊክ ሳይበዛ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። በዓመቱ አረፉ፣ እኔም ስማቸውን በማያውቅ አንድ ትንሽ ከተማ ሜዳ ላይ ልጆች እያየሁ ነበር።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። የምበላው እንጀራ፣ የማስተውለው ዓይን፣ ስሜን ከጻፍኩት ሥር ለማስቀመጥ አለመፍራቴ፣ ሁሉም ከዚያች ቶዮታ የወጡ ናቸው። አለቆቼም ደግ ሰዎች ናቸው፣ የምጽፈውን ያነባሉ፣ ብዙ ጊዜም ይቀበሉኛል። ግን የላክሁትን ከየመስመሩ ሥር በማስመሪያ ተከትሎ ሳልጽፍ የቀረሁትን የሚያውቅብኝ ሰው ዛሬ የለኝም።