መብራት ሲጠፋ የሚደውለው ሰውዬ

ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ኧረ ሃያም ሳይሆን አይቀርም። ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ትጠራጠራለች እንጂ ሰውዬውን አትረሳውም። ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ለብሶ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነበር። መብራት ድርግም ሲል እሷ የስፌት መኪናዋን ነቀለች፤ እሱ ስልኩን አወጣ።

«እመቤቴ፣ እዚያም ጠፋ አይደል? በይ ፍሪጁን ንቀዪው። መጀመሪያ እጅሽን አድርቂ። ሲመጣ ኃይሉ በርትቶ ነው የሚመጣው፤ አምስት ደቂቃ ሳትቆዪ እንዳትሰኪው።»

የልብስ ሰፊዋ ባል ቴሌቪዥኑ የተቃጠለ ለት «አንቺ የት ሄደሽ ነው?» ብሎ ነው የጮኸባት። በማታውቃት ሴት ቅናት አንገበገባት።

«ሚስትዎን ሲያሞላቅቁ!» አለችው፣ ቀልድ አስመስላ።

እሱ ግን ጆሮው ስልኩ ላይ ነበር።

«ማን ነህ አልሽኝ? እሱንማ እንደ ትናንቱ ማታ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ። አሁን ንቀዪው ብቻ።»

ነገሩ ሲገባት ቅናቷ ይበርዳል ብላ ነበር፤ ባሰባት። የእሷ ባል አንድም ማታ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አያውቅም።

«ከረሳችዎት ቆየች?» ልትለው አፏን ስትከፍት መብራቱ ቦግ አለ። ሰውዬው «እንዳትሰኪው፣ መጣሁ!» እያለ ሱሪውን ትቶ በሩጫ ወጣ።