ሦስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ

ኅዳር 8 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ከዘጋ ወራት አልፈዋል፤ የስምንት ዓመቱ ልጄ ናሆም ኩዌት ውስጥ ፊንጣስ በሚባል ሰፈር ባለው አፓርታማችን ላፕቶፕ ፊት ተቀምጧል። አስተማሪዋ፣ «መጽሐፋችሁን አውጡ፣ ገጽ አርባን ግለጡ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ሥሩ» አለች። ናሆም መጽሐፉን አወጣ። እዚያ ላይ ቆመ። ስሙን ስትጠራ መጽሐፉን ዘጋ። ካሜራውን አጠፋ።

በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ መልእክት ደረሰኝ። ልጁ እልኸኛ ስለሆነ ወደ ታችኛው ክፍል ስለ መውረዱ በዐሥር ሰዓት በኦንላይን ስብሰባ እንነጋገራለን ይላል።

ዱሸን መስኩላር ዲስትሮፊ የተባለው የጡንቻ ሕመም እንዳለበት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ካወቁ ዓመት ሆኗቸዋል። ሊፍቱን አሳይተውናል፤ ለሩኅሩኅነት ይህ በቂ መስሏቸዋል። ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ልጅ ኮከብ ይሸልማሉ። ጀርባው የከዳውን ልጅ በኮከብ ሊያቀኑት።

ናሆምን ለሚከታተሉት ሐኪም ደወልኩ። «ጡንቻው ያጣው ዲስትሮፊን የተባለ ፕሮቲን ለአንጎልም ያስፈልጋል» አሉኝ። «ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በጆሮ የሰሙትን ተከታታይ ነገር መያዝ ይቸግራቸዋል። አንድ በአንድ ይነገረው። እልኽ የሚመስለው ግራ መጋባት ሊሆን ይችላል።»

በዐሥር ሰዓት ምክትል ርእሰ መምህሩ ስብሰባውን ከፈተ። «ካሜራ ክፈቱ፣ ስማችሁን ጻፉ፣ ማይክ ዝጉ፣ የላክሁትን ሰነድ አውርዳችሁ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጠብቁኝ።»

አስተማሪዋ ካሜራዋን ከፈተች። «ይቅርታ፣ ከዚያ ምን ነበር?»

በትሕትና ደገመላት።

የቤት ተጋሪዬ ዘይነባ ከውበት ሳሎን ሥራዋ ያረፈችበት ቀን ነበር። ከካሜራው ውጭ ሆና፣ «እታለም፣ እሷንስ ወደ ስንተኛ ክፍል ያወርዷት ይሆን?» አለችኝ።

ማይኬን ከፈትኩ። «ለእርስዎ ተደገመልዎት» አልኳት አስተማሪዋን። «ልጄ ግን እልኸኛ ተባለ።» የሐኪሙን ቃል ነገርኳቸው። ምክትል ርእሰ መምህሩ ውሳኔውን ነገ እናሳውቃለን ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። 

ሕመሙ አልዳነም፤ እኔም እንደዳነ አድርጌ አልጽፍም። ሆኖም እንደ ናሆም ያለ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ትእዛዙ አንድ በአንድ እንዲሰጥና በጽሑፍ ፊቱ እንዲቀመጥ፣ እጁ ሲደክም መልሱን በቃል እንዲናገር፣ ግራ ገብቶት ሲቆምም በጓደኞቹ ፊት ሳይጨቀጨቅ ጥቂት ጊዜ እንዲያገኝ፣ ይህንንም ሁሉ በሐኪም ደብዳቤ አስደግፋችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። ስልኬን ላነሱልኝ ሐኪምና ያን ቀን ላሳቀችኝ ዘይነባ ምስጋናዬ የጸና ነው።

በማግስቱ ጠዋት ውሳኔው ደረሰ። ናሆም በክፍሉ ይቆያል፤ ትእዛዝም አንድ በአንድ ይሰጠዋል።

«ናሆም፣ መጽሐፍህን አውጣ» አለች አስተማሪዋ።

አወጣ። ካሜራውን ሳያጠፋ የሚቀጥለውን ጠበቀ።