እኔም ዘጠኝ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መመስከር እፈልጋለሁ እያልኩ ፓስተራችንን ስጨቀጭቃቸው ሰነበትኩ፤ ዛሬ ቦታ ሰጡኝ፣ ጌታ ይባርካቸው። ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መመለስ አለብኝ። ባለፈው እዚችው ቦታ ላይ ቆሜ "ጆሮዬ ተከፈተ" ብያችሁ ነበር። አጨብጭባችሁልኝ ነበር። ያንን ምስክርነት መልሼ ልወስደው ነው የመጣሁት። ጆሮዬ አልተከፈተም።

መንሾካሾካችሁን ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ታገሱኝ። ድምፄ ከልክ በላይ ከፍ ካለም ይቅርታ፤ ባለቤቴ ዘነበች ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ስጮህ በመዳፏ ዝቅ በል ትለኛለች። ይኸው፣ አሁንም አለችኝ።

ለማታውቁኝ፣ መኮንን እባላለሁ። እዚሁ አዳማ ዳር ባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ ድማሚት የማፈነዳው እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ አለቱን ይበሳሉ፣ እኔ ጉድጓዶቹን ድማሚት አጎርሳለሁ፣ ክሩን እለኩሳለሁ፣ ከዚያ ሁላችንም ሮጠን መከለያው ኋላ እንገባለን። ያኔ እግዚአብሔርን በስም ነው የማውቀው። ዘነበች "ሳትጸልይ አትውጣ" ስትለኝ "ድማሚት ጸሎት አይሰማም" ብዬ እስቅባት ነበር። ማታ ከጓደኞቼ ጋር ድራፍት ፊት ቁጭ ብዬም እሷኑ ቀልድ እደግማታለሁ። ሰው ሁሉ ከሚሸሸው ነገር ጋር የምውል ጀግና ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ወገኖቼ፣ የእኛ ሥራ አንድ ሕግ አለው፣ እሱን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። የተጎረሰው ሁሉ መፈንዳቱ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ክሮቹን አንዱን ረዘም፣ አንዱን አጠር አድርገን ስለምንቆርጣቸው ድምፁ ተራ በተራ ይመጣል። ሁለት ሰው ለየብቻው ይቆጥራል፤ አንዱ የሚያፈነዳው፣ አንዱ አለቱን የበሳው። ሲያልቅ ሁለቱም ቁጥራቸውን ይናገራሉ። ቁጥሩ ካነሰ ወይ ከተለያየ ያን ቀን ማንም ወደ አለቱ ድርሽ አይልም። አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲይዘው ነው።

ከእኔ ጋር የሚቆጥረው ገመቹ የሚባል የቡልቡላ ሰው ነበር። በዕድሜ ያንሰኛል፣ ጋሼ ነው የሚለኝ። አለት በመብሳት እሱን የሚያክል አልነበረም። ሥራ ስንጨርስ "ጋሼ፣ ዛሬም ተረፍን" ይለኛል፣ እኔም "አንተን ምን ይነካሃል" እለዋለሁ። እንዲህ ነበርን።

ድማሚት ጆሮን በአንድ ቀን አይወስድም። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ሄደብኝ። ከዚያ ቤቴ በር ሲንኳኳ አልሰማም። ከዚያ ልጄ ከኋላዬ "አባዬ" ብላ ስትጠራኝ ጥያት መሄድ ጀመርኩ፣ እሷም የተቆጣሁ እየመሰላት ታለቅስ ነበር። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ መርምረውኝ ሲያበቁ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብለው "ጋሼ፣ የተጎዳው ነርቩ ነው፣ አይመለስም። ያለችውን እንዳያጡ ሥራውን ይተዉት" አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ግን የማይሰማ ድማሚት አፈንጂ ማን ያሠራዋል? ለማንም ሳልናገር ወደ ካባው ተመለስኩ።

ታዲያ እንዴት ትቆጥር ነበር ትሉኛላችሁ። አልቆጥርም ነበር። ትልልቁን በእግሬ ሥር ሲነዝረኝ አውቀዋለሁ፣ ትንንሹ ያመልጠኛል። ሲያልቅ ከንፈሩን እያየሁ ቀድሜ "ገመቹ፣ ስንት?" እለዋለሁ። "ሰባት" ካለ "እኔም ሰባት" ነው። "ስድስት" ካለ "እኔም ስድስት።" ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ ይባላል። ዶሮዋስ ሰምታ ነው። እኔ ሳልሰማ ነው የገባሁት፣ ያውም ሰው አስከትዬ።

ያን ቀን ዘጠኝ አጎረስን። ከቀትር በኋላ ነው፣ የአዳማ ንፋስ አቧራውን ያነሳዋል። ለኮስኩና መከለያው ኋላ ገባን። ከካባው በታች ባለው አስፋልት ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ይመላለሳሉ። ድማሚቱ እየፈነዳ ሳለ ሊቆም ፍሬን የያዘ አንድ ተሳቢ ጎማው ፈነዳ። ይህን ያወቅነው ከሆነ በኋላ ነው፤ መንገድ ላይ ቀይ ባንዲራ ይዞ መኪና የሚያቆመው ሰውዬ ነው የነገረን። በሥራው የቆየ ጆሮ ያለው ሰው ይለየዋል። ጎማ ጮኾ ይቀራል፣ ድማሚት መሬቱን ይዞ ነው የሚጮኸው። እኔ ጆሮ ቢኖረኝ "ገመቹ፣ ያ ጎማ ነው፣ አንድ ቀርቷል" እለው ነበር።

"ስንት?" አልኩት።

"ዘጠኝ" አለኝ።

"እኔም ዘጠኝ" አልኩ።

ገመቹ መብሻውን ይዞ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። የቀረውን ድማሚት ገና ሲነካው ነው የፈነዳው። እሷን ፍንዳታ በእግሬም፣ በደረቴም ሰማኋት። ሕይወቱን ጌታ አተረፈለት፤ ቀኝ እጁና አንድ ዓይኑ ግን እዚያው ቀሩ።

መርማሪዎች መጡ። ሁለታችንም ዘጠኝ ነው የሰማነው አልኩ። እኔን ማንም አልነካኝም። ካባው ውስጥ ግን ሠራተኛው ለገመቹ ስም አወጣለት። "ጎማው" አሉት። ጎማና ድማሚት የማይለይ ለማለት ነው። ስሙ ቡልቡላ ድረስ ተከተለው። ዛሬ እዚያ መንገድ ዳር ሽንኩርት ይሸጣል፤ ሽንኩርት የሚገዛው ሰው ሳይቀር በዚያ ስም ነው የሚጠራው። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ሥራውን ለቀቅሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ መጠጡም እንደ ውሃ ሆነብኝ። ዘነበች እጄን ይዛ እዚህ ቤት አመጣችኝ። ቃሉን ባልሰማውም እናንተ ስታለቅሱ አይቼ አለቀስኩ፤ ጌታን እንደ አዳኜ ተቀበልኩ፣ ስሙ ይባረክ። ኃጢአቴን ስናዘዝ መጠጡን አነሳሁ፣ ትዕቢቱን አነሳሁ፣ በዘነበች መሳቄንም አነሳሁ። የገመቹን ግን ዘለልኩት።

ከዚያ ያ የፈውስ ጊዜ መጣ። እንግዳው አገልጋይ ጣታቸውን ጆሮዬ ውስጥ አድርገው ጸለዩልኝ፣ በላብ እስኪጠመቁ። ከዚያ ከንፈራቸው ላይ "ትሰማለህ?" የሚለውን አነበብኩ። ዙሪያዬን ቆማችኋል፣ ዓይናችሁ ሁሉ እኔ ላይ ነው። "እሰማለሁ" አልኩ። ወገኖቼ፣ ይህም ያው "እኔም ዘጠኝ" ነው። ሰው የሚጠብቀውን መልስ መስጠት ለምዶብኝ ነበር።

ዘነበች በደስታ ስታለቅስ ቤት ገባን። ጓዳ ሆና ጠራችኝ አሉ። ደግማ ጠራችኝ አሉ፤ ልጄ ናት በኋላ የነገረችኝ። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች፣ ከንፈሯን እንዳይ ቀስ ብላ "መኮንን፣ ጌታን ደግሞ ለምን ታስዋሸዋለህ?" አለችኝ።

ወሬው ቡልቡላ ደረሰ። ገመቹ የጆሮዬን መፈወስ ሲሰማ፣ የደነቆርኩት ከካባው ከወጣሁ በኋላ መስሎት፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ መጣ፣ በግራ እጁ ፌስታል ሙሉ ሽንኩርት አንጠልጥሎ። "አካም ጋሼ፣ እንኳን ጌታ ማረህ" ብሎ አቀፈኝ። ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። ሻይ ጠጣንና እንዲህ አለኝ፤

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ሰው ጎማው ሲለኝ ሁሌ የምመልሰው አንድ መልስ ነው። ጋሼ መኮንንም ዘጠኝ ነው የሰማው፣ እሱ ደግሞ አይሳሳትም እላቸዋለሁ። የዚያን ቀን ጎማው ልክ ድማሚት ይመስል ነበር፣ አይደል?"

ከእኔ የሚፈልገው "አዎ" ብቻ ነው። አዎ ብለው ደስ ብሎት ይሄዳል። ለዚያ ሰው መጽናኛው ያቺ ቃል ብቻ ናት፣ እሷም ውሸት ናት። ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ጌታ ሆይ አልኩ በልቤ፣ አንዴ እንኳን እውነቱን ልናገር።

"ገመቹ፣ እኔ አልሰማሁም" አልኩት። "ያን ቀን ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ አልሰማም ነበር። አሁንም አልሰማም፣ ከንፈርህን እያየሁ ነው።"

ሻዩን አስቀመጠ። ከዚያ "ለካ ብቻዬን ነበር የምቆጥረው" አለ። ቀጥሎም፣ "ሁለት ሰው የሚቆጥረው አንዱ ቢሳሳት ተብሎ ነው ጋሼ። እኔ ተሳሳትኩ። አንተ የት ነበርክ?"

ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ብድግ ሲል እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ፣ በአንድ እጁ ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ። "እኔ ፊት አይደለም" አለኝ። "ዳንኩ ያልከው በሕዝብ ፊት ነው። ይሄንንም እዚያው ሄደህ ተናገር።"

ይኸው ተናገርኩ። ገመቹ የሰማውን ነው የቆጠረው። ያልሰማሁትን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩልኝ። የካባው ሰዎች ጋም ሄጄ ነግሬያለሁ፤ አንዳንዱ አፈረ፣ አንዳንዱ ስቆ አለፈ።

ወገኖቼ፣ ጌታ ጆሮ አይከፍትም እያልኩ አይደለም። ይከፍታል። ጸልዩልኝ፣ አሁንም እፈልጋለሁ። የልጄን ድምፅ አንዴ ደግሜ ብሰማ እወዳለሁ። ግን ባይከፍተውም አመሰግነዋለሁ፣ ምክንያቱም ሲጠይቁኝ አልሰማሁም የምልበት አፍ ሰጥቶኛል። ይህን ያህል ዘግይቶ መምጣቱ ነው የሚቆጨኝ። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ ገመቹ ዛሬ ሁለት እጅ ነበረው። ይህን ጸሎት አይመልሰውም፣ እኔም እንዲመለስ አስመስዬ አልናገርም።

ከመካከላችሁ ሳይገባው የገባው መስሎ፣ ሳይድን የዳነ መስሎ የተቀመጠ ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጌታ አስመስለህ ና አላለህም። እንዳለህ ና። እኔን ደንቆሮውን፣ ዋሾውን ካልገፋኝ አንተን አይገፋህም። እመነው።

ገመቹ ዛሬ መጥቷል። በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ይቅር ብሎኛል አልላችሁም፣ አላለኝም። በመምጣቱ ግን ጌታ ይባረክ።

አሜን ስትሉ ስለማልሰማችሁ እጃችሁን አንሱልኝ፣ ልያችሁ። ተባረኩ፣ አየሁ። ገመቹ፣ ወንድሜ፣ አንተ ካልቻልክ አታንሳ። ካላነሳህ አነሳ አልልም።