ዶሮው እየተጠበሰ በረንዳ ላይ የተቆለፈብኝ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ዓመት ሊሞላው ቢቃረብም ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። የሚገርመው ድንጋጤው አይደለም፤ ድንጋጤስ ያልፋል። አልወጣ ያለኝ ከዚያ በኋላ ያወቅኩት ነገር ነው።

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ መሪ የሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ሥራው መንገድ ግንባታ ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው። እኔ መገናኛ አካባቢ ቢሮ እሠራ ነበር። ልጃችንን ሶሊያናን የምትይዝልን ሠራተኛ በድንገት ትታን ስትሄድ፣ ሌላ ሰው እስክናገኝ ብዬ ሥራዬን ለቀቅኩ። ሌላ ሰው ግን አልተገኘም። ቀኑን ሙሉ ከሁለት ዓመት ልጅ ጋር ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነኝ። ከጎረቤት ጋር ደረጃ ላይ ከመተላለፍ በቀር ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ወደ እኔ እየተጠጋ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ያን ሰሞን የሚያስደስተኝ አንድ ነገር ቢኖር ባለቤቴ የገዛልኝ ኤር ፍራየር ነበር። ብዙ ዘይት ሳይፈልግ በትኩስ አየር የሚጠብስ ዕቃ ነው። ከሱፐርማርኬት የዶሮ ታፋ ብቻ ተለይቶ የታሸገውን እገዛለሁ። በሎሚና በጨው አጥቤ፣ ቆዳውን በጨርቅ እስኪደርቅ አደርቀዋለሁ። ቆዳው እርጥብ ከሆነ ይቀቀላል እንጂ አይንኮሻኮሽም። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥብስ ቅጠልና ትንሽ ሚጥሚጣ አሽቼ፣ ቆዳውን ወደ ላይ አድርጌ እደረድረዋለሁ።

የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለው ሶኬት ተቃጥሎ ስለነበር ዕቃውን የምሰካው ፍሪጁ አጠገብ፣ ዝቅ ያለ ኩርሲ ላይ አስቀምጬ ነው። ወጥ ቤታችን በር የለውም፤ ከሳሎኑ ጋር ክፍት ነው። ሶሊ ማሽኑን ትወደዋለች። ሲጨርስ ቂው ሲል “ዶዶ!” እያለች ሮጣ እጀታውን ለመሳብ ትሞክራለች። ሁልጊዜ ቀድሜ ብድግ አደርጋታለሁ። ሲቀዘቅዝ ግን እጀታውን እንድትስበው እፈቅድላት ነበር። ስትስበው ደስ ስለሚላት።

ያን ቀን ከምሳ በፊት ዶሮውን ከተትኩ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ገለበጥኩትና መልሼ ዘጋሁት። ሶሊ ምንጣፉ ላይ በኩባያና በማንኪያ ትጫወታለች። በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ሲመጣ በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ ትዝ አለኝ። ሁለት እርምጃ ነው ብዬ ወጣሁ። ዝናቡ በአንዴ ወረደ። ነፋሱ በሩን ከኋላዬ ገፋው። ዞር ስል ሶሊ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ትስቃለች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የበረንዳው በር ከውስጥ በኩል ለሌባ ብለን የብረት ፍርግርግ ያስበየድንበት የመስታወት በር ነው። መቀርቀሪያው ታች፣ ከመስታወቱ ሥር ባለው ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ለእሷ ቁመት የተሠራ ይመስል።

“ሶሊዬ፣ ክፈቺ። ለማሚ ክፈቺላት።”

ሳቀች። እኔም ሳቅሁላት። ጨዋታ እንዲመስላት በጣቴ መቀርቀሪያውን አሳየኋት። ነካ ነካ አደረገችውና ተወችው። መዝጋቱን እንጂ መክፈቱን አላወቀችም።

መስታወቱን ልስበር አልኩ። ግን ፊቷን ፍርግርጉ ላይ ለጥፋ ቆማለች፤ ብሰብረው የሚረግፈው እሷ ላይ ነው። ዞር ብትልልኝ እንኳ በባዶ እግሯ ናት፤ ስብርባሪው ላይ ተመልሳ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ደግሞስ ብሰብረው ምን ሊረባኝ? በፍርግርጉ መሃል የሚገባው እጅ ታች ድረስ አይደርስም። ስልኬ ሶፋው ላይ ነው። የዋናው በር ቁልፍ ከውስጥ እንደተሰካ ነው።

ከሶሊ ጀርባ፣ በወጥ ቤቱ ክፍት በኩል፣ ኩርሲውና የማሽኑ ቀይ መብራት ይታየኛል።

መጮህ ጀመርኩ። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ታች ያሉትን የቆርቆሮ ጣሪያዎች ይደበድባል። የራሴ ድምፅ ለራሴም አይሰማኝም። በፊት ለፊት ያሉት ሕንፃዎች መስኮታቸውን ሁሉ ዘግተዋል። ግቢው ባዶ ነው። በረባ ባልረባው የሚጠፋው መብራት ያን ቀን እንዲጠፋ ለመንኩ። “አምላኬ፣ አሁን አጥፋው” አልኩ ጮክ ብዬ። በየቀኑ የምረግመውን ነገር ለምኜ አላገኘሁትም። ቀዩ መብራት እንደበራ ነው።

ሶሊ እኔን ማየት ሰለቻት። ወደ ኩባያዋ ተመለሰች። ከዚያ ማንኪያዋን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች።

እንዲህ ዓይነት ነገር እንዴት እንደሚነገር አላውቅም። ልጄ ከእኔ ያለችበት ርቀት ብሮጥ በአንድ ትንፋሽ የምደርስበት ነው። ግን አገር ለአገር የተለያየን ያህል ሆነ። መስታወቱን በመዳፌ ስመታ ዞር ብላ እጇን አውለበለበችልኝ። መሄዴ መስሏት ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ነው ታች ጃንጥላ ያየሁት። አንድ ሰው በሕንፃዎቹ መሃል ግራ ቀኝ እያየ ይሄዳል። ጮህኩ፤ አልሰማም። የልብስ መቆንጠጫዎቹን ወረወርኩ፤ ነፋሱ ወሰዳቸው። በእጄ የነበረውን የባለቤቴን እርጥብ ሱሪ ጠቅልዬ ለቀቅኩት። ጃንጥላው ላይ አረፈና ጃንጥላውን ይዞት ወደቀ።

ቀና ያሉት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ናቸው። በረዶው ጋብ ብሎ ስለነበር ድምፃቸው ደረሰኝ።

“ምነው ልጄ! ምን አደረግሁሽ?”

“እማማ፣ ልጄ ውስጥ ናት! ተቆልፎብኛል! እሳት አለ!”

“ስንተኛው ላይ ነሽ?”

“ሦስተኛ! ከደረጃው እንደወጡ የመጀመሪያው በር! የወጥ ቤቱ መስኮት በኮሪደሩ በኩል ነው፤ ክፍት ነው!”

ጃንጥላቸውን እዚያው ጥለው ወደ ደረጃው ሲሮጡ አየኋቸው። ሩጫ ከተባለ ነው፤ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። በዚያ እግር ሦስት ፎቅ እንዴት ይወጣሉ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ሶሊ ኩርሲው ጋ ደርሳለች። ማሽኑን በማንኪያዋ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ማንኪያውን ጣለችና እጇን ወደ እጀታው ዘረጋች። ዓይኔን ልጨፍን ብዬ አልቻልኩም።

እጇ በአየር ላይ ቀረ። ወደ መስኮቱ በኩል ዞር አለች። የሆነ ነገር እንደ ሰማች ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ቆመች። ከዚያ ቀስ እያለች ወደዚያው ሄደችና ከግድግዳው ጀርባ ተሰወረችብኝ።

መስኮቱ ከበረንዳው አይታይም። ማሽኑ ይታየኛል፤ ልጄ አትታየኝም። አሮጊቷ ይድረሱ አይድረሱ አላውቅም። ምናልባት ሶሊ የፍሪጁን ጀርባ እየነካካች ይሆናል። ምናልባት ገመዱን ይዛለች። ገመዱ ሲንቀሳቀስ ያየሁ መሰለኝ፤ እስካሁን ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ እርግጠኛ አይደለሁም። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ዝም ብዬ ገመዱን አየሁ። ልብሴ ከላዬ ላይ በስብሶ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

ቀዩ መብራት ጠፋ። ቂው ማለቱን አልሰማሁም፤ ጠፋ ማለት ግን ጮኋል ማለት ነው።

ወዲያው ሶሊ ጮኸች። የዝናቡን ድምፅ አልፎ ተሰማኝ። በሕይወቴ እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ሳታቋርጥ ትጮሃለች፤ እኔ የማየው ግን ያንኑ ኩርሲና ያንኑ ፍሪጅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በደንብ አላስታውስም። የበረንዳውን በር በትከሻዬ ስመታው እንደነበር ትከሻዬ ጠቁሮ ስላየሁ ነው ያወቅኩት።

የዋናው በር ሲመታ ሰማሁ። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት የግቢው ጥበቃና ከላይኛው ፎቅ የሚኖር አንድ ሰውዬ በዲጂኖ ፈልቅቀው ገቡ። ሰውየው መቀርቀሪያውን ሲያነሳልኝ ገፍትሬው ወደ ወጥ ቤቱ ሮጥኩ።

ሶሊ መስኮቱ ሥር፣ የሽንኩርት መያዣው ቅርጫት ላይ ወጥታ ቆማለች። አሮጊቷ ከኮሪደሩ ክንዳቸውን በመስኮቱ ብረት መሃል እስከ ትከሻቸው አስገብተው እጇን ይዘዋታል። ሶሊ ወደ ማሽኑ ለመሄድ ትታገላለች፤ ትጎትታለች፤ ትነክሳቸዋለች። እሳቸው አይለቁም።

“ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፤ ነይ የኔ ልጅ፤ እናትሽ መጣች፤ ይኸው መጣች” ይላሉ፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ።

ብድግ አድርጌ አቀፍኳት። አንድም ቦታ አልተነካችም። የጮኸችው ተይዛ በመቅረቷ ተናዳ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ከእሷ ብሼ ጮህኩ።

ሰውየው ዲጂኖውን እንደያዘ ከላዬ ቆሞ ነበር። “እንዴት ነው ልጅ ከእሳት ጋር ጥለሽ የምትወጪው? እናት አይደለሽም እንዴ?” አለኝ። ጥበቃው መሬት መሬት ያያል። እኔም በልቤ ያንኑ ነበር የምለው።

አሮጊቷ በተሰበረው በር ገቡ። “ተው ልጄ” አሉት። “ዝናብ ነው የቆለፈባት። ይልቅ በሩን እንዴት እንደምትዘጋው እርዳት።”

ሰውየው አጉረመረመ። መዶሻና ሚስማር ሊያመጣ ግን ወጣ።

እማማ ዲንቄ ይባላሉ። ቤታቸው ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖባቸው ጠፍተዋል። ፎጣና ደረቅ ጋቢ ሰጠኋቸው። ጋቢውን ክንዳቸው ላይ ጠቅልለው ያዙት እንጂ አልደረቡትም።

“እሳት አለ ብለሽኝ ነበር፤ እሳቱ የታለ?” አሉኝ።

ማሽኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ታፋዎቹ እንደዚያ ቀን አምረው ወጥተው አያውቁም። ቆዳው ቀልቶ፣ ተነፋፍቶ፣ ጠርዙ ላይ አረፋ አውጥቷል። አንዱን በሳህን ሰጠኋቸው። በግራ እጃቸው አንስተው ሲገምጡት ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ። ሶሊ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

“ውይ! እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል እኮ!” አሉ።

እኔም ሳቅሁ። እስከ ልጃቸው ቤት ልሸኛቸው ስል እምቢ አሉ። “ልጅሽን ይዘሽ በዚህ ዝናብ የት ትመጫለሽ? ጥበቃው ያሳየኛል” ብለው ግንባሬን ስመውኝ ወጡ።

የሚቀጥለው እሑድ ሶሊን ይዤ፣ ብርቱካንና ሙዝ ገዝቼ ጥበቃው ወደ ነገረኝ ሕንፃ ሄድኩ። የከፈተችልኝ ምራታቸው ናት። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ልጅ ያዘለች ሴት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ግራ ገባት።

“እማማን? እኔ እንጃ፤ ተሳስተሽ እንዳይሆን። እሳቸው ያን ቀን የመጡት እጃቸው አብጦ ነው። ጭቃ አዳልጧቸው ወድቀው። ሐኪም ቤት ወስደናቸው ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት።”

“የትኛው እጃቸው?”

“ቀኙ። እስከ ትከሻቸው ጠቁሮ ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ ድንጋይ ነው የቧጠጠኝ ይላሉ፤ የጥርስ ምልክት ነው የሚመስለው።”

እዚያው በራፉ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለችና ለእኔ ሰጠችኝ።

“እማማ፣ እኔ ነኝ፤ የሶሊያና እናት።”

“እንዴት ነሽ ልጄ? ትንሿስ?”

“ደህና ናት። እጅዎን… ለምን አልነገሯቸውም?”

“ምን ብዬ ልንገራቸው? ብነግራቸው ስለ እጄ አይጠይቁኝም። ‘እናትየዋ የት ሄዳ ነው?’ ነው የሚሉት። አፍ ሁሉ አንቺ ላይ ይከፈታል። የዚያ ሰውዬ አይበቃሽም?” አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ “እኔም ልጆቼን እሳት አጠገብ ትቼ ውኃ ወርጃለሁ። ስመለስ ደህና ሆነው አገኘኋቸው። በእኔ ብርታት ነው እንዴ? አይደለም። በቃ፣ እግዚአብሔር ነው” አሉኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ምራታቸው ስልኩን ከእጄ ወስዳ አስገባችኝ። እስኪመሽ እዚያው ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ተራ ገብተን አንዷ የአንዷን ልጅ እንይዛለን። እኔም የግማሽ ቀን ሥራ ጀምሬአለሁ።

ሶሊ ለብዙ ጊዜ አሻንጉሊቷን “ኮቱ፣ ኮቱ” እያለች ስትጠራ ትሰማ ነበር። አሁን ረስታዋለች።

እኔ ግን አልረሳሁም። የልጄን እጅ የያዙልኝ ሰው ናቸው፤ ለዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ባመሰግናቸው አይበቃም። ሆኖም ይበልጥ የሚከብደኝ ሁለተኛው ነው። እጃቸውን እያመማቸው፣ ሐኪሙ ፊት ተቀምጠው፣ አንዴ ብቻ ያዩዋትን ሴት ስም ላለማስነሳት ብለው “ጭቃ አዳልጦኝ ነው” ማለታቸው። እኔን ማንም እንዲህ ሸፍኖኝ አያውቅም።