የወንድሜ አፍ

ስለ ወንድሜ ነው የምጽፈው። ከየት እንደሚጀመር ስላላወቅኩ ከጥርሱ ልጀምር።

ከታች ካሉት የፊት ጥርሶቹ አንዱ ስንጥቅ ነበረው፤ የፀጉር ያህል የቀጠነ። ጎሚስታ ቤት ሲሠራ የጎማ ማውለቂያው ብረት አምልጦት አፉን መታው። ያን ቀን ደሙን ተፋ፣ ውሃ ተጉመጠመጠ፣ ጎማውን ጨርሶ መጣ። ቤት ሲገባ ከንፈሩ አብጦ እየሳቀ "እታለም፣ ጎማው ቡጢ አቀመሰኝ" አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ማን ቁም ነገር አለው።

እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የምሠራው ሆስፒታል ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ፣ አንሶላ አጣቢ ነኝ። እሱ ትምህርቱን አቋርጦ ጎማ ቤት ሲገባ ምንም ማለት አልቻልኩም። ከጎማ ቤቱ ጀርባ የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ የሚለማመድበት አዳራሽ ነበር። ምሳውን በእጁ ይዞ መስኮቱ ሥር ይቆማል አሉ። ቆሞ ቆሞ፣ አንድ ሽማግሌ ትራምፔት ነፊ "ና ግባ ባክህ፣ መስታወቱን በትንፋሽህ አቆሸሽከው" ብለው አስገቡት። እንዲህ ነው የተጀመረው። ኮሌጅ ገብተህ ተማር ያሉትም እሳቸው ናቸው።

ኮሌጁ በአንድ በኩል ሙዚቃ፣ በሌላ በኩል ድራማ የሚያስተምር ነው። ወንድሜ ሲገባ ሠላሳን አልፎ ነበር። ልጆቹ "ጋሼ" ይሉት ነበር፤ አክብሮት እንዳልሆነ እሱም ያውቃል። "ጋሼ፣ ወንበር እናምጣልዎት?" ይሉታል። "አምጡ፣ ግን ትራምፔቱን እናንተ ንፉልኝ" ይላቸዋል። ሲነፋ ግን ዝም ይላሉ። ይሄን የነገሩኝ ኮሌጅ ውስጥ ትራምፔት የሚያስተምሩት መምህሩ ናቸው።

የኛ ቤት አንድ ክፍል ነው፣ መሐሉ በመጋረጃ ተከፍሏል። ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ፣ ልብሳችን ውስጥ ጭንቅላቱን ከቶ ነበር የሚለማመደው። ካፖርቴ ውስጥ ነው ያደገው ማለት ይቻላል። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታቸው ጡረተኛ ሰውዬ ግን አልቀረላቸውም።

"አንተ! ዝሆን ነው እንዴ የምታረባው?"

"ቁም ሳጥን ውስጥ ነኝ እኮ አባባ!"

"እንግዲያው በሩን ቆልፍበት!"

አንድ ቀን የረሳውን የኖታ ወረቀት ላደርስለት ኮሌጁ ሄድኩ። ሰው ፊት መግባት እፈራለሁ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሄድኩት። የመለማመጃ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ግድግዳቸው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል። ከአንዱ ፒያኖ፣ ከአንዱ ዘፈን ይወጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ሁሉም ይደባለቃል። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችው። ጠጋ ብዬ "ምን ሆንሽ እናቴ? ሰው ሞተብሽ?" አልኳት። እንባዋን ጠረግ አድርጋ "ኧረ ልምምድ ነው፣ የድራማ ተማሪ ነኝ" አለችኝ። "አሳመንኩሽ አይደል?" ብላ ደስ አላት። ወንድሜ ይሄን ስነግረው ከአልጋው ሊወድቅ ነበር በሳቅ።

በመጨረሻው ዓመት ነው የጥርሱ ሕመም የተነሳበት። መጀመሪያ በአንድ በኩል ማኘክ ጀመረ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ተወ። ጠየቅኩት፣ "ብርድ ነው" አለኝ። መምህሩም አይተዋል ለካ፤ "ትራምፔቱን ወደ ጎን ለምን ትወስደዋለህ? ከንፈርህ መሐል ላይ አድርገው" ይሉታል። "ልማድ ሆኖብኝ ነው" ይላቸዋል።

በስንት ልመና ጥርስ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ የጥርሱን ራጅ ብርሃን ላይ አድርጎ አየና "ሥሩ መግል ይዟል። ዛሬውኑ መነቀል አለበት" አለ።

ወንድሜ አፉን እንደከፈተ ነው እጁን ያወዛወዘው። ያን ቀን ነው እኔም የገባኝ። ትራምፔት ሲነፋ ብረቱ ከንፈርን ጥርስ ላይ ይጫነዋል። ከንፈር የሚደገፈው ጥርስ ላይ ነው። የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ድምፁን እንደገና ከዜሮ ነው የሚፈልገው፣ ካገኘውም።

"ሰው ሠራሽ እንተክልልሃለን" አለ ሐኪሙ። "ግን አጥንቱ እስኪድን ወራት ይወስዳል።"

የመመረቂያ ፈተናው ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ፈተናውም እንዲሁ ፈተና አይደለም። የከተማው ኦርኬስትራ መሪ መጥተው ይቀመጣሉ፣ አንድ ትራምፔት ነፊ ጎድሎባቸዋል። ቦታው አንድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወንድሜ ዕድሜው ያልፋል፣ ከሠላሳ አምስት በላይ አይቀበሉም። ይሄን ሁሉ ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ "እኔ የማውቀው ጥርስ ነው ወንድሜ። መግል ቀጠሮ አያከብርም" አለው።

"ከፈተናው በኋላ እመጣለሁ" አለ ወንድሜ።

ለመንኩት። ተቆጣሁት። ምግብ አላቀርብም ብዬ አኮረፍኩ፣ ለካ መብላቱንም ትቶታል። ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ እየገዛ ይውጣል። "እታለም፣ አንቺ እኮ አንሶላ ስታጥቢ እጅሽ ቢቆስል ሥራ ትቀሪያለሽ?" አለኝ። አልቀርምማ። ያ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል፤ እጅና አፍ አንድ አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ ያኔ ግን አልመጣልኝም።

አንገቱ ላይ ሻርፕ መጠምጠም ጀመረ። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ አየሁት። ትራምፔቱን አነሳ፣ አፉ ላይ አስጠጋ፣ ጫን አደረገ። ድምፅ አልወጣም። ልብሶቹን ጨብጦ ቁጭ አለ፣ የሰቀልኩት ሁሉ ላዩ ላይ ወረደ። ሻርፑን ስፈታው አንገቱ አብጦ ከአገጩ ጋር እኩል ሆኗል፣ እንደ ሰሌዳ ደርቋል። ምራቁን መዋጥ አይችልም። ዝሆን ታረባለህ የሚሉት ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው በፒጃማ ወጥተው ታክሲ ያስቆሙልን።

የወሰድኩት እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ በመልክ አውቃታለሁ። በጣቷ አገጩ ሥር ጫን አደረገችና ፊቷ ተለወጠ።

"መግሉ አንገቱ ውስጥ ገብቷል። ትንፋሹን ሊዘጋው ነው። አሁን መቅደድ አለብን።"

"ጥርሱስ?" አልኳት።

"ጥርሶቹ ይወጣሉ፣ ከመንጋጋው አጥንትም የተበላውን እናነሳለን። የከንፈሩ ነርቭ እዚያው ነው ያለው፣ ሊጎዳ ይችላል። ልዋሽሽ አልፈልግም።"

ወንድሜ ሰምቷል። መናገር አይችልም፤ የእጄን አንጓ ያዘና ራሱን ነቀነቀ፣ እምቢ ነው። ሁለት ጣቱን አሳየኝ። ሁለት ቀን ማለቱ ነው። ትኩሳቱ በእጁ በኩል እኔን ያቃጥለኛል። ትንፋሹ እንደ መጋዝ ይፎጫል።

ሐኪሟ ወደኔ ዞረች። "በዚህ ትኩሳት እሱ የሚወስን አይመስለኝም። እህቱ ነሽ? ምን ትያለሽ?"

እኔ ሰው መሐል ሱቅ ገብቼ ሳሙና ስጡኝ ለማለት እንኳ የማመነታ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አላመነታሁም። "ቅደዱት" አልኩ። እጄን ከእጁ ያላቀቀችልኝ አንዲት ነርስ ናት።

ተረፈ። ከታች አራት ጥርስ ሄደ፣ ከአጥንቱም ሄደ። ከንፈሩ በግራ በኩል ወደ ታች ወረደ፣ ደነዘዘ፣ አልተመለሰም። ሳያውቀው ምራቁ ይወርዳል። ሲናገር ከንፈር የሚፈልጉት ፊደሎች ሁሉ አየር ሆነው ያመልጡታል። የኦርኬስትራውን ቦታ አብሮት የሚማር ልጅ አገኘው። መምህሩ ሊጠይቁት መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ጠረጉ፣ ተነስተው ሄዱ።

ቤት ከገባን በኋላ ብዙ ቀን አላናገረኝም። አንድ ቀን ልብስ ሳጥፍ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ "ጠየቅሽኝ?" አለ።

"ምኑን?"

"ሲቀዱኝ። እኔን ጠየቅሽኝ?"

"አልጠየቅኩህም።"

"ለምን?"

"ደግመህ እምቢ ትል ነበራ።"

"እል ነበር" አለ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። ዛሬም ብትጠይቁኝ ቅደዱት ነው የምለው።

የኮሌጁ የድራማ ክፍል ኃላፊ ቤታችን የመጣው የዚያን ሰሞን ነው። ፈጣን ሰው ነው፣ ሲያወራ እጁ አያርፍም። የወንድሜን ፊት ከዚህም ከዚያም እየዞረ አየው፣ ቤት ሊከራይ እንደመጣ ሰው።

"እንዳትቀየመኝ" አለው፤ "ይሄ ፊት አሁን ሰው አይቶ የማይረሳው ፊት ነው። የምናዘጋጀው ተውኔት ውስጥ አንድ በር ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ አለ። አንድም ቃል አይናገርም። ወደ ድራማ ክፍል ትዛወራለህ፣ የምረቃ ወረቀትህንም ታገኛለህ።"

በሩን ላሳየው ነበር። ወንድሜ ግን "እሺ" አለ።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ "ምን ነክቶሃል?" አልኩት።

"ምን ልሁን ታዲያ? ጎማ ቤት ልመለስ?" አለና፣ በተጣመመው አፉ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "እሱስ ጥሩ ነበር፣ ጎማ የሚነፋው ማሽኑ ነው፤ አፍ አይጠየቅም።"

ተውኔቱ የታየ ቀን ሄድኩ። ከኋላ፣ ጥግ ነው የተቀመጥኩት። ወንድሜ ሽማግሌ ሆኖ፣ ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነስንሰውበት፣ በሩ ጋ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የሚገባ የሚወጣው ተጫዋች ይቀልድበታል። አንዱ ባርኔጣውን ይወስድበታል፣ አንዱ "አፍዎን ይዝጉ አባቴ፣ ዝንብ ይገባል" ይለዋል። ሕዝቡ ይስቃል። ምራቁ ሲወርድ ደግሞ የበለጠ ይስቃል። መሐል ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ትራምፔት ተነፋ፤ ያ ቦታውን ያገኘው ልጅ ነው። ወንድሜ እንደታዘዘው አልተንቀሳቀሰም። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ብቻ፣ የትራምፔቱን ሦስት ቁልፎች እንደሚጫኑ ሁሉ፣ ጉልበቱ ላይ ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ ይሉ ነበር። ሌላ ሰው ያየው አይመስለኝም።

አጠገቤ የተቀመጠች ደህና የለበሰች ሴትዮ ወደኔ ጠጋ አለችና "ሜካፑን ማን ይሆን የሠራው? እንዴት ያለ እጅ ነው! ምራቁ ራሱ እውነት ይመስላል" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ሲያልቅ ኮሪደሩ በር ጋ ጠበቅኩት። ታጥቦ፣ የራሱን ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሴትዮዋም እዚያው ባሏን ትጠብቅ ነበር። ወንድሜን አየችው። ፀጉሩ ላይ ዱቄቱ የለም፣ ሽማግሌውም የለም፣ አፉ ግን ያው ነው። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረች።

ትንሽ ከራቅን በኋላ "ያቺ አዳራሹ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠችው ሴትዮ ምን አለችሽ?" አለኝ።

"ጎበዝ ተዋናይ ነው አለች።"

"እታለም፣ መዋሸት አትችዪም።"

ምራቁን በመሐረቡ ጠረገ፣ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ነገም አለ" አለኝ። "እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚታየው። አንቺ ግን አትምጪ።"

"እሺ" አልኩት። ቀደም ብሎኝ ሄደ፣ እኔ ከኋላው።